በእኔ ፊት የተለካ ብርሃን

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ንጉሤ ያስቀመጡኝ ካሜራ ፊት ነው። የተቀጠርኩት በረዳት ኤዲተርነት ስለነበር ግራ ገባኝ። ስቱዲዮው ያኔ ካዛንቺስ፣ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ያለው ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ መቅረጫ፣ አንዱ ኤዲቲንግ።

«አይዞሽ፣ አንቺን አንቀርጽም» አሉኝ። «ቢኒ መብራት እስኪያስተካክል ፊትሽን አውሺው።»

ቢኒ ካሜራማኑ ነው። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ሁለቱን መብራቶች ከግራና ከቀኝ አቆመ፤ ብርሃን የሚመልስ ነጭ ሪፍሌክተር ጉልበቴ ላይ አስደገፈ። ከዚያ ስክሪኑን እያየ «በቃ፣ ይቺ ልጅ ለመብራት የተፈጠረች ናት! ቀይ ሰው ደስ ሲል፣ ምንም አያስቸግርም» አለ። ሰው ሲያየኝ አንገቴን እደፋለሁ። በየደቂቃው «ቀና በይ እንጂ ሶሲ፣ መሬት ላይ ምን ጠፍቶሽ ነው?» ይለኝ ነበር።

ያን ቀን ያገኘውን የብርሃን ልክ ካሜራው ላይ መዘገበና ስም ሰጠው፤ «ሶስና»። መብራቶቹ የቆሙበትን ቦታም ወለሉ ላይ በነጭ ፕላስተር ምልክት አደረገ። ከዚያ በኋላ ለቃለ መጠይቅ ማንም ቢመጣ ቢኒ «ሶስናን» ይከፍታል፣ መብራቶቹን ምልክቱ ላይ ያቆማል፣ ይቀርጻል። እንግዳው ሳይሰለች ሥራ ይጀመራል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ብዙ የማልናገር ሰው ነኝ፤ ስሜ በሥራ ቦታ በየቀኑ ሲጠራ መስማት ጥሩ ነው።

ጋሽ ንጉሤ ዕድሜያቸውን ከቴሌቪዥን ካሜራ ጀርባ ያሳለፉ ሰው ናቸው። የማይጣሱ ሁለት ደንቦች ነበሯቸው። አንደኛው፣ የዕለቱ ቀረጻ በሁለት ሃርድ ዲስክ ሳይገለበጥ ማንም ምሳ አይወጣም። ሁለተኛው፣ ስለ ራሱ ሕይወት የተናገረ ሰው ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ኤዲቲንግ ክፍል መጥቶ ያያል፤ የሚፈርመው ካየ በኋላ ነው። በሌላ ቦታ ቀረጻው እንዳለቀ የፈቃድ ወረቀት ይዘረጋል። እሳቸው «ሳያይ የፈረመ ሰው፣ ለእኔ አልፈረመም» ይሉ ነበር።

ሁለት ዓመት ረዳት ሆኜ ሠራሁ። ቀረጻ መለየት፣ ድምፅና ምስል ማጋጠም፣ በመጨረሻም ከለር ማስተካከል ተማርኩ። ሰፈሩ ሲፈርስ ስቱዲዮው ወደ ኡራኤል ተዛወረ። ቢኒ በነጭ ፕላስተር ምልክት ያደረገበትን ርቀት በሜትር ለክቶ አዲሱ ወለል ላይ ደገመው። በዚያው ሰሞን ጋሽ ንጉሤ «የሚቀጥለው ፊልም ኤዲተር አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ፊልሙ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ቆዳ ቀለም ነበር። ባለታሪኩ መምህር ኦሞድ ይባላሉ። ከጋምቤላ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ ከሃያ ዓመት በላይ አዲስ አበባ ኖረዋል። ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ያስተምራሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከልጃቸው ከአጁሉ ጋር ነው የሚኖሩት። ካዛንቺስ የነበረው የኪራይ ቤታቸው ሲፈርስ ሌላ ፍለጋ ወጡ። አማርኛቸው የመምህር አማርኛ ነው፤ በስልክ ብቻ የሚሰማቸው ሰው ከየት እንደመጡ አይገምትም። መከራቸውም የሚጀምረው ከስልኩ በኋላ ነበር።

አንድ ጠዋት እኛ እየቀረጽን ደወሉ።

«ስለሚከራየው ቤት ነበር።»

«አለ፣ አለ» አለች ሴትየዋ። «ቤተሰብ ነዎት?»

«እኔና ልጄ ነን። አስተማሪ ነኝ።»

«አስተማሪማ ከሆኑ ምን ችግር አለ! ይምጡና ይዩት።»

ስልኩን ዘጉና «ከሰዓት ተይዞ ይጠብቀኛል» አሉን።

ቤቱ ወሎ ሰፈር ነበር። ከቢኒ ጋር ታክሲ መያዣው ጋ ቆመን ጠበቅናቸው። አሥር ደቂቃ አልሞላም፤ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ተመለሱ። «ተይዟል» አሉ። ቢኒ በራሱ ስልክ እዚያው ቁጥር ላይ ደወለ። «አለ፣ ይምጡ» አለችው። ስልኩን ኪሱ ከተተ። ቀኑን ሙሉ ሲቀልድ አልሰማሁትም።

በማግስቱ መምህሩ ለቃለ መጠይቅ ስቱዲዮ መጡ። ጠያቂው ጋሽ ንጉሤ ነበሩ። መምህሩ ቂርቆስ ስላጋጠማቸው አንዲት አከራይ ተናገሩ። ሴትየዋ ሳምንት ሙሉ በስልክ «እርስዎ» እያሉ፣ ስለ ልጃቸው ትምህርት እየጠየቁ ሰንብተዋል። ሁሉ ነገር አልቆ መምህሩ አንድ ሻንጣ ትከሻቸው ላይ አድርገው ሄዱ። ሴትየዋ በሩን ከፈቱ።

«‹ዕቃውን እዚያ ጥግ አድርገው› አሉኝ። ‹መምህሩስ?› አሉ። ‹ከኋላ እየመጣ ነው› አልኳቸው። ልቀበለው የምሄድ መስዬ ከነሻንጣዬ ወጣሁ። አልተመለስኩም።»

ይህን ሲሉ ሳቁ። ሳቁ መሀል ላይ ተቋረጠ። መነጽራቸውን አወለቁና በሸሚዛቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ፤ ከጠራ በኋላም መጥረጋቸውን አላቆሙም። ካሜራው ይቀርጽ ነበር። እኔ ከጥግ ሆኜ፣ የፊልሙ ልብ ይህ ነው ብዬ አሰብኩ።

ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ፊታቸው የለም። ዓይናቸው፣ መነጽራቸውና ነጩ ሸሚዛቸው ብቻ ይታያል። ቢኒ እንደ ልማዱ «ሶስናን» ከፍቶ፣ መብራቶቹን ምልክቱ ላይ አቁሞ ነበር የቀረጸው። ካሜራው በእኔ ፊት ልክ የሚበቃውን ብርሃን ወስዶ፣ የእሳቸውን ጨለማ ውስጥ ትቶታል።

ብርሃኑን ከፍ አደረግሁት። ፊታቸው ላይ አሸዋ የተበተነ መሰለ፤ ካሜራው በደንብ ያልመዘገበው ነገር በግድ ሲወጣ እንዲህ ነው። አሸዋውን ለማጥፋት አለሰለስኩት። አመድ ሲመስል ቀይ ጨመርኩበት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ ስክሪኑ ላይ ጥርት ያለ ጠይም ሰው ተቀምጦ ነበር።

«አሁን ሰው መሰሉ!» አለ ቢኒ። «ማለቴ፣ አሁን ታዩ።»

ጋሽ ንጉሤ ከበሩ ላይ ሆነው «ጥርት ብሏል፤ ጎበዝ» አሉኝ። ስለ ቆዳ ቀለም ፊልም የምንሠራ ሦስት ሰዎች ነበርን። ለሦስታችንም አምሮ ታየን።

ፊልሙን ያሠራን ድርጅት ሜክሲኮ አካባቢ አዳራሽ ይዞ፣ እንግዶች ጠርቶ ነበር። አሥር ቀን ሲቀረው መምህሩ ለማየትና ለመፈረም መጡ። አጁሉም ከትምህርት ቤት ከነዩኒፎርሟ ተከትላ መጣች። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ እንደ አዲስ አበባ ልጅ ትፈጥናለች።

«እንግዲህ ጡረታ ሳልወጣ አክተር ሆንኩ» አሉ መምህሩ እየተቀመጡ። እኔ ፊልሙን ከፈትኩ።

አራት ደቂቃ ያህል እንደሄደ አጁሉ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«አባዬ፣ ማነው ይሄ?»

«እኔ ነኛ!»

«አይደለህም። ቅንድብህ ላይ ያለው ጠባሳ የታለ? እንዴ! ፊልተር አድርገውብሃል!» ብላ ሳቀች። ወዲያው ሳቋን አቆመችና አባቷን አየቻቸው።

መምህሩ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱ። «እስቲ አቁሚው ልጄ» አሉኝ። አቆምኩት። ስለ ሻንጣው የሚናገሩበት ቦታ ላይ ገና አልደረስንም ነበር።

«ቴክኒክ ነው መምህር» አሉ ጋሽ ንጉሤ። «የመብራት ችግር ገጥሞን...»

እጄን ከማውሱ ላይ አነሳሁ። ዝም ብል ነገሩ በመብራት ተሳብቦ ሊያልፍ ይችል ነበር።

«መብራት አይደለም ጋሼ» አልኩ። ወደ መምህሩ ዞርኩ። «እኔ ነኝ ያቀላሁዎት።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ክፍል ውስጥ የተማሪ ስህተት እንደሚያርም ሰው በጣታቸው ስክሪኑን አመለከቱ። «ቤት የከለከሉኝ ሰዎች፣ ይህን ሰውዬ ያከራዩታል» አሉ። «ታዲያ ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?»

መምህሩ እስክሪብቶውን ከድነው ወረቀቱ ላይ አስቀመጡት። አልፈረሙም።

ጋሽ ንጉሤ በእንዲህ ዓይነት ጊዜ የምንጠቀምበትን መላ አቀረቡ፤ ድምፃቸው ብቻ ይሰማ፣ ምስሉን በሰፈር ምስል እንሸፍነው አሉ።

«በድምፅማ ድሮስ ማን ከለከለኝ?» አሉ መምህሩ።

ያልተነካውን ቀረጻ ከፍቼ አሳየኋቸው። አጁሉ «እዚህ ደግሞ ሸሚዝ ብቻውን ተቀምጧል» አለች። ልክ ነበረች። ካሜራው ያልያዘውን ኮምፒውተር አያመጣውም። ከእጃችን ያለው ወይ የሌላ ሰው ፊት ነው፣ ወይ ጨለማ።

አባትና ልጅ ሲወጡ ጋሽ ንጉሤ ወደ ድርጅቱ ደወሉ። «መምህሩ ካልፈረሙ ፊልም የለም፤ እንግዶቹን ብትነግሯቸው ይሻላል» ሲሉ ሰማሁ። እኔን ቀና ብለው አላዩኝም። ተነስቼ ደረጃውን ሮጥኩ። መምህሩን አንደኛ ፎቅ ላይ ደረስኩባቸው። በሕይወቴ ሰው አስቁሜ የማውቅ አይመስለኝም።

«መምህር፣ እንደገና ይነግሩናል?»

«ያን ነገር ስንት ጊዜ ያወራሁት ይመስልሻል?» አሉኝ። «ከአፌ የወጣው ለእናንተ ነው፤ ያውም አንድ ጊዜ።»

«የቱን ነገር?» አለች አጁሉ። አባቷ ስለ ሻንጣው ነግረዋት አያውቁም።

መምህሩ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ የደረጃውን ብረት ይዘው ቆሙ። አንድ ሰው በመሀላችን አልፎ ወረደ።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አሉ። «እሷም ትስማ። የምትጠይቂኝ ግን አንቺ ነሽ።»

ቅዳሜ ቢኒ ፕላስተሩን ከወለሉ ላይ ላጠው። መምህሩ ከተቀመጡ በኋላ መብራቶቹን አንድ በአንድ አነሳ፣ አስጠጋ፣ አራቀ። አንዱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ብርሃኑ ተመልሶ ጉንጫቸው ላይ እንዲያርፍ አደረገ። ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደብን። ቢኒ አንድ ጊዜ «ይቅርታ መምህር፣ ይህን ያኔ መሥራት ነበረብኝ» አለ። «ቀጥል፣ ቀጥል» አሉት።

አጁሉን ስክሪኑ ጋ አስቀመጥናት። «ትንሽ ይቀራል... ይቀራል... በቃ። አሁን አባዬ ነው። ጠባሳውም መጣ» አለች።

እኔ ከመምህሩ ጎን፣ በጠያቂው ወንበር ላይ ነበርኩ። ቢኒ ካሜራውን ወደ እኔ መለስ አድርጎ አየ። «ሶሲ፣ አንቺ ነደድሽ። አፍንጫ የለሽም!» አለ። ስክሪኑን አየሁት፤ ነጭ ወረቀት ሆኛለሁ። ካሜራ ሲያጠፋኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቢኒ አዲሱን ልክ ሊመዘግብ «‹ኦሞድ› ልበለው?» ብሎ ጠየቀ።

«አይሆንም» አሉ መምህሩ። «ሌላ ሰው ሲመጣ በእሱ ፊት ለኩ።»

ጠየቅኋቸው። ድምፄ ቀጭን ነው፤ ቀረጻው ላይ ይሰማል። እሳቸውም ነገሩን ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፉ ሁሉ በቅደም ተከተል ተናገሩ። ስልኩ፣ ሳምንቱ፣ ሻንጣው፣ በሩ። «ከኋላ እየመጣ ነው አልኳቸው» የሚለው ላይ ሲደርሱ ወደ አጁሉ አየት አድርገው ቶሎ አለፉ። አልሳቁም። መነጽራቸውን አላወለቁም። አጁሉ ከጫማዋ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። ሲወጡ ግን የአባቷን ቦርሳ ተቀብላ ራሷ ያዘችው።

መምህሩ አዩት፣ ፈረሙ። መሰረዙ ቀርቶ ፊልሙ በተያዘለት ቀን ሜክሲኮ ታየ። ሰው አጨበጨበ፤ አንዳንዶቹም ቆመው ነበር። ጥሩ ፊልም ነው ይላሉ፤ እኔም አላፍርበትም። አዳራሽ ውስጥ የታየው ግን ሁለተኛው አነጋገር ነው፤ አንድ ጊዜ ተነግሮ ያለቀ ነገር ሲደገም። የመጀመሪያው በሁለት ሃርድ ዲስክ ተገልብጦ ስቱዲዮ ተቀምጧል። እዚያ ውስጥ መምህሩ ይስቃሉ፣ ያቆማሉ፣ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። ፊታቸው አይታይም።

«ሶስናን» ከካሜራው አጥፍተነዋል። አሁን እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ ነው የምንለካው፤ በራሱ ፊት። ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት። ወደዚህ ሥራ ለምትመጡ ያለኝ ትምህርት ይኸው ነው።