የአራሷ እግር

ከቢቸና የወጣሁበት ማታ ዝናብ ነበር። እምዬ ስንቄን ቋጥራ ስትጨርስ መቀነቷን ከወገቧ ፈትታ አስታጠቀችኝ። «ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ፤ ሴት የምትወድቀው ከወገቧ ነው» አለችኝ። ታናሽ እህቴ የሻረግ ጥግ ይዛ አኩርፋለች። «እኔ ስወልድ ማን ሊያርሰኝ ነው?» አለች። ገና ባል እንኳ አላገባችምና ሁላችንም ሳቅንባት።

መንገዱን አልዘረዝርም፤ ሱዳንንና ባሕሩን ያለፈ ያውቀዋል፣ ያላለፈም አይየው። ጀርመን ገባሁ፣ ወረቀት አገኘሁ፣ እዚሁ ያገኘሁትን የጎንደር ልጅ አገባሁ፣ ወንድ ልጅም ወለድኩ። አገሬ ብሆን ኖሮ ክርስትና እስኪነሳ አልጋ ላይ ተጋድሜ ገንፎዬን በቅቤ እየጎረስኩ፣ ጠያቂ ሲመጣ ብቻ ቀና እል ነበር። እዚህ ግን ሄባመ የሚሏት አዋላጅ መጣችና፣ ደጁ በረዶ ሆኖ ሳለ፣ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። አየር ያስፈልግሻል ትለኛለች። እምዬ ይህን ብታይ ጩኸቷ ቢቸና ድረስ በተሰማ።

ወገቤ አልነሣ ሲለኝ ሐኪሙ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ይዤ አፖቴከ፣ ማለት መድኃኒት ቤት፣ ሄድኩ። ባለ ነጭ ጋውኑ አንብቦ መለሰልኝ።

«ይህ የሚዋጥ አይደለም፤ ፒላተስ የሚባል የሰውነት እንቅስቃሴ ነው።»

«ታዲያ ምኑን ላድርገው?»

«ምንጣፍ ላይ ተኝተሽ ትተነፍሻለሽ።»

«ለመተንፈስም ሐኪም ያዛል?»

«አዎ። ክራንከንካሰም ይከፍልልሻል» አለኝ ሳይስቅ። ክራንከንካሰ የሕክምና መድን ነው።

ሄድኩላችሁ። ካትሪን የምትባል አሠልጣኝ አራሶችንና እርጉዞችን ምንጣፍ ላይ አጋድማ፣ ጉልበታችንን አሳጥፋ፣ ትንፋሽ ቀስ ብለን ስናወጣ የሆዳችንን ታች ወደ ውስጥ እንድንስብ ታስተምረናለች። ያለ መቀነት ወገብን ከውስጥ እንደ መታጠቅ ነው። መጀመሪያ አፍሬ ነበር፤ እያደር ግን ልጄን ሳላቃስት ማንሳት ቻልኩ። ካትሪን ሁልጊዜ ሳትጀምር አንድ ጥያቄ ታስቀድማለች፦ «አንድ ባቷ ብቻ ያበጠ፣ የሞቀ፣ የሚያማት አለች?» እንዲህ ያለባት ከተገኘች ከምንጣፉ ተነስታ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። ከወሊድ በኋላ እግር ውስጥ ደም ይረጋል፣ የረጋው ተነቅሎ ሳንባ ይገባል ትላለች። እኔ ደግሞ ፈረንጅ ማስፈራራት አይሰለቸውም እያልኩ በሆዴ እስቅ ነበር።

በዚህ መሀል የሻረግ ሞጣ ተድራ ወለደች፤ እምዬም ልታርሳት ከቢቸና ሄደች። የሻረግ ወገቤን አለችኝና በቪዲዮ እየደወልኩ ትንፋሹን ማሳየት ጀመርኩ። ጉልበቷን ስታጥፍ ፊቷ ተጨማደደ።

«ውይ፣ ባቴን።»

«አንዱን ነው ሁለቱን?»

«ግራውን ብቻ፣ እታለም። አብጧል። ይሞቃልም።»

«አሁኑኑ ሆስፒታል ሂጂ» ስላት እምዬ ስልኩን ተቀበለቻት።

«አራስ ክርስትና ሳይነሳ ወዴት ትወጣለች? ብርድ ሊመታት?»

«እምዬ፣ ደም ረግቶ ይሆናል። ይገድላል።»

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ። ሰባት ወልጃለሁ እኮ። ባት ሲጠጥር በለጋ ቅቤ ሲያሹት ይለቃል፤ ትናንትም አሽቼላት ቀለል ብሏታል።»

«አትሺያት። በማርያም ይዤሻለሁ፣ እጅሽን አታሳርፊባት።»

«እሺ፣ ባሏ ከገበያ ይምጣና እንወስዳታለን።»

የኛ አገር ሰው እንቢ አይልም፤ እሺ ብሎ ይተወዋል። እኔም የዚያው አገር ሰው ነኝና እሺታዋን ስሰማ ፍርሃቴ ባሰ።

ለካትሪን ስነግራት እግሩ ፈጽሞ እንዳይታሽ አለችኝ። «ሆስፒታሉ ሩቅ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከእህቴ ደጅ ላይ ሆኖ እንደሚታይ ነገርኳት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ደወልኩ። የሻረግ ስልክ ዝግ ነው። የእምዬን ደወልኩ፤ አነሳች። ከጀርባዋ ሕፃኑ ያለቅሳል። የብዙ ሰው ኮቴ ይሰማል፤ የሚያወራ ግን የለም።

«የሻረግን አቅርቢልኝ።»

«ተኝታለች።»

«ልጁ እንዲህ እያለቀሰ?»

«እኔ ይዤዋለሁ። የላም ወተት አቅጥኜ በጡጦ እያጠጣሁት ነው።»

«ለምን የላም ወተት?»

«ባልሽ ስንት ሰዓት ይገባል?» አለችኝ።

«ማታ። ምን ፈለግሽው?»

«አጠገብሽ ማን አለ? ከምትሄጂበት ቤተ ክርስቲያን ሰዎች አንዳቸው ይምጡልሽ።»

በአገራችን ለብቻው ላለ ሰው የማይነገረው ምን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። «ማንም የለም፤ አሁን ንገሪኝ» አልኳት።

«ባልሽ ይግባና» አለች። ስልኩን አልዘጋችውም፣ እኔም አልዘጋሁትም፤ ሕፃኑ ጡጦውን አልቀበል ብሎ ሲያለቅስ ሁለታችንም እንሰማለን።