ወይራ የሸተተው ቸኮሌት

ትናንት ዲጋ ወረዳ ውስጥ አብሮኝ የሚያስተምር ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ያመጣውን ቸኮሌት አቀመሰኝ። ገና ስነክሰው እናቴ ትዝ አለችኝ።

ነቀምት ሳለን እናቴ ፈረንጆች ቤት ወጥ ቤት ነበረች፤ ወተትም ከላማችን ትወስድላቸዋለች። አንድ ቀን ማዳም ለልጃቸው ልደት ካካዎ፣ ስኳርና ወተቱን አፍልተው ትሪ ላይ አረጉት። ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«አዴ ጫልቱ፣ ይሄ ጢስ ጢስ ይላል!»

«ወተቱ ጣዕሙን እንዳያጣ የማልብበትን ቅል በወይራ ጢስ አጥኜው ነው፣ ማዳም። ለልጅዎ ብዬማ ሁለቴ ነው ያጠንኩት።»

«ሌላ ቀን ጢስ ከሸተተኝ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ።»

ሥራው እንጀራችን ነውና እናቴ አንገቷን ደፋች። ማዳም ትሪውን እንዳለ፣ አጠገቧ ለቆምኩት ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ሆዳሟ እናቴ ተዋርዳ ቆማ ጣቴን እልስ ነበር፤ እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር ቀምሼ አላውቅም።

በማግስቱ እናቴ ወተቱን በታጠበ ጠርሙስ ቀዳች። አሸተተችውና «የየቤቱ ወተት በጢሱ ነበር የሚለየው፤ እንግዲህ ይሄ የማን ቤት ወተት ይባላል?» አለች። የጅል ጥያቄ መስሎኝ ሳቅሁባት።

«እህ፣ እንዴት ነው?» አለኝ ትናንት ጓደኛዬ።

«ይጣፍጣል» አልኩት፤ «ግን የማንም ቤት አይደለም።»