ይለፍ የምትለዋ ቁልፍ

እኔ የጤና ጣቢያው በር ጥበቃ ነኝ። ምላሷ አያርፍም ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ጓደኛዬ ግን ሥራዋ በሽተኛ መጥራት ስለነበር ሁሉም "ጠሪዋ" ይላት ነበር። ካርድ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ብቅ ትልና "የኔ እናት፣ ተነሺ፣ ተራሽ ደርሷል" ስትል፣ ሲያቃስት የዋለው ሁሉ ቀና ይል ነበር። ፊቱ የገረጣ ሰው ካየች ደግሞ ወረፋ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ክንዱን ይዛ ታስገባዋለች። የሚያጉረመርም ካለ "ነገ ላንተም ነው" ትለዋለች፣ አለቀ።

በዚያች ደሞዝ አንድ ልጇን ብቻዋን አሳደገች። ልጁም ሶፍትዌር ሠሪ ሆነ፣ እሰይ። የሚከፈለውን ስትነግረኝ እኛ ሁላችን ከነሐኪሞቻችን ብንደመር አንደርስበትም። ምን ቢሠራ ነው አልኳት። ብዙ ሰው ከድካም የሚገላግል ሥራ ነው አለችኝ፣ ደረቷን ነፍታ። እኔ በሽተኛ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣውንም አያለሁ፣ ሰው ስታገላብጥ ወገቧ የተቆረጠውንም ነርስ አያለሁ። ይሄ ሚዛን የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እሷ ፊት ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ በእናት ደስታ ላይ ውሃ አይቸለስም።

በኋላ ያው ልጅ ለጤና ጣቢያው የወረፋ ማሽን ሠራ። ቁጥሩ ሰሌዳ ላይ ይበራል፣ ጠሪ አያስፈልግም። ግንባሯን ስሞ "እማ፣ ከእንግዲህ ጉሮሮሽ ይረፍ" አላት። ጡረታ ወጣች፤ ወንበሯንም አነሱት።

አንድ ቀን ጠዋት ደረቷን ይዛ መጣች፣ ላብ በላብ ሆና። መስኮት ላይ ቁጥር የምትሰጠው ሠራተኛ ገና ስታያት ደንግጣ፣ ከዚያ በፊት ነክታ የማታውቃትን፣ ማሽኑ ላይ ያለች "ይለፍ" የምትል ቁልፍ ተጫነችላት። ይለፍ ለኛ ምን ማለት ነው? ይግባ ማለት ነው። ስንት ዘመን በር ላይ ቆሜ "ይለፍ" እያልኩ ሰው አስገብቼ የለ! ማሽኑ ግን ይዘለል ማለቱ ኖሯል። ቁጥሯን አንስቶ ከሁሉም ኋላ ወረወረው።

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ቁጥር ይበራል፣ የሷ አይደለም። አሁንም ይበራል፣ የሷ አይደለም። ተነሺ እንግባ፣ ስንቱን ያስገባሽ ሴትዮ ብዬ ክንዷን ያዝኳት። እጄን ቀስ አድርጋ አላቀቀችው።

"ልጄ የሠራውን እኔ ላፍርሰው? ተዪኝ፤ የሱ ማሽን እኔን አይረሳም።"

ሐኪም ልጠራ ሮጥኩ። ይዤው ስመለስ ፊቷ ወደ ሰሌዳው እንደዞረ አልፋለች።

ልጁ ሲደርስ ሠራተኛዋን ምን እንደተጫነች ጠየቃት። እያለቀሰች አሳየችው። ቆሞ ቁልፏን አያት፣ አያት።

"ይዘለል ለማለት ነው የጻፍኳት" አለ። "ሳላስብ።"

ልሰድበው ነበር። ለዚያ ሁሉ ደሞዝ አንዲት ቃል እንኳ አጥርተህ አትጽፍም ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሱ ግን ሄዶ አግዳሚው ላይ፣ እሷ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ ተቀመጠ፤ ሕፃን ሆኖ ጉንፋን ሲይዘው ይዛው የምትቀመጥበትም እዚያው ነበር። አንጀቴን በላው።

"ስትጠብቅ ምን አለች?" አለኝ።

"ምንም አላለችም" አልኩት። ሆድ ይፍጀው።