በስሜ የተመዘገበ ስባሪ

ባለፈው ሳምንት ጂዛን ከተማ ድዴን ልታይ ሄጄ ነበር። ሐኪሟ አፌን ገና ሳታየው ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጣ፣ «ያ የጥርስሽ ሥር ውስጥ ተሰብሮ የቀረው ብረት አስቸግሮሽ ያውቃል?» አለችኝ። እኔ ጥርሴን ተሰርስሬ አላውቅም። ሌላ ቀን እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ።

ብረቱ ያለው ብርቄ መንጋጋ ውስጥ ነው።

ያኔ እዚሁ ሳዑዲ፣ ባይሽ የምትባል ከተማ ነበርኩ፤ ወጣት ነኝ፣ ሰው ቤት እሠራለሁ። ብርቄ በየመን በኩል በእግሯ የገባች የወሎ ልጅ ነበረች፤ ከቤታችን ጀርባ ባለው እርሻ ፍየል ታልባለች። ማንጎ በሚበስልበት ወር ጥርሷን ታመመች። ያን የመሰለ ማንጎ እንኳ በአንድ ጎን ትመጥ ነበር። ወረቀት ስለሌላት ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አዋስኳት። ማዳሜን «ጥርሴን አመመኝ» ብዬ ዋሸሁና አብረን ሄድን። ኒቃብ ለብሰን ማን ይለየናል?

«እቴ፣ ዛሬ አንቺ ነኝ» አለችኝ በሩ ላይ፤ «እንዳንቺ ልኮሳተር?»

ሐኪሙ የጥርሷን ሥር በቀጭን ብረት ሲጠርግ ቆይቶ ድንገት እጁ ቆመ። ራጁን አሳየኝ፤ ከሥሩ ጫፍ እንደ ሽበት ዘለላ የነጣች መስመር። «ተሰብሮ ቀረ፤ ማውጣት አልቻልኩም። ካበጠባት ቶሎ ጂዛን ትልቁ ሆስፒታል ትሂድ» ብሎ ወረቀት ጻፈ። በእኔ ስም።

ሁሉንም ነገርኳት። «ኸላስ፣ በቃ!» ብላ ሳቀች፤ «ሰው ልጅ ያረግዛል፣ የእኔ መንጋጋ ብረት አረገዘ።»

በሳምንቱ ጉንጯ አብጦ አንድ ዓይኗ ተከድኖ ከጓሮው አጥር ሥር ቆማ አገኘኋት።

«ኢቃማሽን ለአንድ ቀን ብቻ።»

«እዚያ እኮ አሻራ አለ፤ ሁለታችንም እንያዛለን።»

«ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ?»

ገባሁና ከአገር ቤት የመጣልኝን ጸበል ይዤላት ወጣሁ። «ይህን ቀቢው፣ እመቤቴ ትማርሽ» አልኳት። ለራሴ እምነት ነው አልኩ፤ የያዘኝ ግን ፍርሃት ነበር። ጠርሙሷን በሁለት እጇ ተቀብላ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ምነው በሰደበችኝ!

ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። እርሻው ላይ የሚሠሩት ልጆች፣ በእሳት ተኩሶ የሚያድን ሰው አለ ተብላ ወደ ሀሩብ ተራራ በመኪና ወጣች አሉ። የአቧራው ነፋስ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ስልኳ ጥቂት ቀን ጠራ፤ ከዚያ መጥራቱንም ተወ።

ትናንት ለነፍስ አባቴ ደውዬ ይህን ሁሉ ተናዘዝኩ። ጾምና ስግደት ይጨምሩብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣ «በጸሎት እንዳስባት፣ ከሕያዋን ነች ከሙታን?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ አባቴ።»

«እንግዲያ ሄደሽ ጠይቂ፣ ልጄ።»

ነገ ዓርብ፣ የእረፍት ቀኔ ነው። ወደ ሀሩብ የሚወጣውን መንገድ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ረግጬው አላውቅም።