ከየካ አባዶ እስከ እንጦጦ ሥር ሰባት ቤት ስንቆጥር

እሑድ ጠዋት፣ ሲግናል

ከቤት የወጣሁት ሥራዬን ለማስፋት ነው። ለአይሁድ ቤተሰቦች የትዳር አገናኝ ነኝ፤ ቢሮዬም ሲግናል ያለው ሳሎኔ ነው። እስካሁን ደንበኞቼ ጎረቤትና የጎረቤት ዘመድ ነበሩ። ማኅበረሰባችን ግን አሁን በየኮንዶሚኒየሙና በየተራራው ሥር ተበታትኗል። ሰው እስኪመጣልኝ ከምቀመጥ ልሂድ ብዬ በራሪ ወረቀት አሳተምኩ።

እህቴ ወርቄ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና፣ «ሰው እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አያምንም። አንድ ሠርግ አሳያቸው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ለዚያ ሠርግ ያሰብኳቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ የካ አባዶ፣ አንዱ እንጦጦ ሥር። ፎቶ ተለዋውጠው ሁለቱም ወደዋል። የቀረኝ ሰባት ቤት መቁጠር ብቻ ነበር። በእኛ ወግ እስከ ሰባተኛ ትውልድ የሚዛመዱ አይጋቡም።

አራት ሰዓት፣ የካ አባዶ

ከመገናኛ በሚኒባስ አርባ ብር ከፈልኩ። መንገዱ አያልቅም፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሽንኩርቷን እግሯ ሥር አድርጋ እስክንደርስ አንቀላፋች።

ትርንጎ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሒሳብ ታስተምራለች። ወላጆቿ ወደ እስራኤል ከሄዱ ዘጠኝ ዓመት ሆነ፤ የእሷ ጉዳይ ግን ገና አላለቀም። ሽሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። ልትሰጠኝ ስትል ሮጣ ወጣችና ከጎረቤት ሳህን ተውሳ ተመለሰች።

«ይቅርታ እትዬ የሺ፣ ለራሴ አንድ ይበቃኛል ብዬ ነው» አለችኝ።

ከበላን በኋላ አባቷ በስልክ እየነገሯት የጻፈችውን የአያቶቿን ስም ዝርዝር ሰጠችኝ። ጽሕፈቷ እንደ መምህር ቀጥ ያለ ነው።

«ይሄ የመጨረሻዬ ነው። ሰው ማስተዋወቁ ሰልችቶኝ አይደለም፤ ተስፋ ማድረጉ ነው የደከመኝ» አለች።

ትከሻዋን ይዤ ተሰናበትኳት።

ስምንት ሰዓት፣ እንጦጦ ሥር

ታክሲ ቀያይሬ ፈረንሳይ ሰፈር ስወርድ አየሩ ቀዝቅዞ ነበር። አቀበቱ ላይ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ይወርዳሉ። አንዷን መንገድ ብጠይቃት ቆም ብላ፣ «ሸማኔው አባባ ንጋቱ ቤት ነው? ያውልሽ፣ ከባሕር ዛፉ ዝቅ ብሎ» አለችኝ።

አባባ ንጋቱ ከጎንደር የመጡ ሸማኔ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሞ መሸመን ካቆሙ ቆይተዋል። ልጃቸው ደረጀ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆነ። ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ጠበቀኝ። አባቱ ፈገግ ብለው፣ «ከጠዋት ጀምሮ መስታወት ፊት ነው» አሉ።

መቁጠር ጀመርን። እኔ የትርንጎን አነባለሁ፣ እሳቸው የራሳቸውን በቃላቸው ይሉታል። አባት አለፈ፤ አያትም አለፈ። ቅድመ አያቷ ላይ ስደርስ፣ «አስረስ» አልኩ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «አስረስ የሚባል ብዙ ነው። የቱ አስረስ ነው ይላል?» አሉኝ።

ወረቀቱ በእጄ ነው፤ እሳቸው ማየት አይችሉም። አይልም ብል ማን ይጠይቀኛል? የደረጀን ፊት አየሁ። የትርንጎ ድካም ታወሰኝ። የምፈልገው ሠርግ እፊቴ ነበር።

«አስረስ ሸማኔው፣ የጎርጎራው ይላል» አልኩ።

«የአያቴ ወንድም ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ደረጀ አንገቱን ደፋ። አባቱ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቱን ዳበሱት፤ እሱም እጃቸውን ይዞ ቆየ። ከዚያ ራሱ ቀና ብሎ፣ «በሉ ይደወልላት። ስትጠብቅ አትዋል» አለኝ።

ደወልኩና ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

«አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ አለኝ ማለት ነው?» አለች።

አባባ ንጋቱ ስልኩን ተቀበሉኝ።

«ልጄ፣ አጎትሽ ነኝ። ሰንበትን ከማን ጋር ትውያለሽ?»

«ብቻዬን ነው አባባ።»

«እንግዲያው አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነይ። ደረጀ ታክሲው ድረስ ወርዶ ይቀበልሻል። ወንድምሽ ነው።»

ደረጀ ፊቱን ወደ ባሕር ዛፉ አዞረ። ቀላል አልነበረም፤ ግን ራሱን ነቀነቀ።

አባባ ንጋቱ በትራቸውን ይዘው ሊሸኙኝ ወጡ። በየደጁ የተቀመጡትን ጎረቤቶች እያስቆሙኝ፣ «ይቺ ሴት እውነቱን ተናግራ ራሷ የደከመችበትን ሠርግ ያስቀረች ናት። ልጆቻችሁን አደራ ስጧት» ይላሉ። ሁለት እናቶች የልጆቻቸውን ስም አስመዘገቡኝ፤ አንዷ ስልኬን በእጇ መዳፍ ላይ ጻፈች።

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሲግናል

ወርቄ በር ላይ አገኘችኝ። «ተሳካ?»

«አልተሳካም። አራተኛ ቤት ላይ ተገናኙ» አልኳትና ጫማዬን አወለቅሁ።

ብዙ ዓመት ሥራዬ ሰው ማጋባት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ የገባኝ፣ ከዚያ በፊት ሰው የማን እንደሆነ ማወቅና ያወቁትን አለመደበቅ እንደሚቀድም ነው።

እግሬን ታጥቤ ስቀመጥ ከትርንጎ መልእክት ገባ። «እትዬ የሺ፣ ዘመድ ጥየቃ ከሄድኩ ስለቆየሁ ጠፍቶኝ ነው። ምን ይዤ ልሂድ?»

«ባዶ እጅሽንም ብትሄጂ ደጅ ቆመው ይጠብቁሻል» ብዬ ጻፍኩላት።