ጋሼ ተፈራ ስለ ሙሽራው የጠየቁኝ ቀን

የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት... ጋሼ ተፈራ ኮል አደረጉልኝ። «ስኖው ሳይጀምር ጎማሽን ልይልሽ፣ ነይ» አሉኝ።

ነገሩ ደግ ነው። ግን ሰሞኑን ደግነታቸው በዝቶብኝ ነበር።

ጋሼ ተፈራ እዚህ ኮሎምበስ፣ ኢስትሙር የሚባል ሰፈር ጋራዥ አላቸው። በዲቪ የመጣሁ ቀን አጎቴን ይዘው ኤርፖርት ድረስ መጥተው የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን ያን ያህል አንቀራረብም። አሁን በአንድ ጊዜ ዘይት ቀየሩልኝ፣ ባትሪዬን አዩልኝ፣ ክፈይም አላሉኝ። ኮሎምበስ ውስጥ በነጻ ዘይት የሚቀይር ሰው... እኔ አላጋጠመኝም።

መጀመሪያ ለአንዱ ዘመዳቸው ሊድሩኝ መሰለኝ። እሳቸው ግን የሚጠይቁኝ ስለ ትምህርቴ ብቻ ነው።

እኔ ነርስ ነኝ። ሆስፒታል በሺፍት እየሠራሁ፣ ጎን ለጎን የክሊኒካል ምርምር ማስተርስ እማራለሁ። ፕሮግራሙ እንደኛ ካሉ ማኅበረሰቦች ለመጣን የጤና ባለሙያዎች የተከፈተ ነው። የኛ ሰው ምርምር ሲባል ይሸሻል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ለኛ ሰው እንዴት እንደሚሆን በደንብ ሳይታወቅ ይወጣል። አሁን ፍራንክሊንተን የሚባል ሰፈር ባለ አንድ ክሊኒክ፣ የጉበት ቫይረስ ጥናት ላይ ልምምድ እያደረግኩ ነው።

ጋሼ ተፈራ የሚጠይቁኝ ስለሱ ነው። ስም ይመዘገባል ወይ? ኮምፒውተሩን ማን ያየዋል? አበሻ ይመጣል ወይ? ጎማ የሚቀይር ሰው ይኼ ሁሉ ምን ያደርግለታል እያልኩ ከምኖርበት ከሂሊያርድ ኢስትሙር ድረስ ነዳሁ።

ስደርስ ሠራተኛቸው መኪናዬን አስገባ። እሳቸው ወደ ቢሯቸው ወሰዱኝና በሩን ዘጉት።

የወንድማቸው ልጅ ልታገባ እንደሆነ ነገሩኝ። እጮኛዋን ደግሞ ከኛ ክሊኒክ ሲወጣ ሰው አይቶታል አሉ። ስሙንም ጠሩልኝ።

«ያ በሽታ አለበት ወይስ የለበትም? አንድ ቃል ብቻ ንገሪኝ።»

ስሙን ሰምቼው አላውቅም። «እኛ ጋ የለም» ብል እውነቴን ነው፣ እገላገላለሁም። ግን መጀመሪያ ያስተማሩን ይኼንን ነው... ዛሬ ለማላውቀው ሰው «የለም» ካልኩ፣ ነገ ስለማውቀው ሰው ተጠይቄ ዝም ስል ዝምታዬ «አለ» ይሆናል።

ስለ ማንም መናገር እንደማልችል ነገርኳቸው። አልለቀቁኝም። ኤርፖርት መጥተው መቀበላቸውን አስታወሱኝ። ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆን ጦሱ ለኔ እንደሚተርፍ አስጠነቀቁኝ። ለአጎቴም እንደሚደውሉ ነገሩኝ። ጠረጴዛው ላይ ስልካቸውን አየሁትና ሌላ ጥርጣሬ መጣብኝ... ሬከርድ እያደረጉኝ ይሆን? ወይስ ከፕሮግራሙ ተልከው እየፈተኑኝ ነው?

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ከሠጉ ሁለቱም አብረው ይመርመሩ። እኔ ግን ስለሱም ሆነ ስለ ሌላ ሰው አልናገርም። ነገ ስለ እርስዎ ብጠየቅም አልናገርም። ለአጎቴ ይደውሉ።»

ተነስቼ በሩን ልከፍት ስል...

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉኝ። «ሙሽራ የሚባል የለም።»

ዞሬ አየኋቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ቫይረሱ ከተገኘባቸው ቆይቷል። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ያውቃሉ፤ ተመርምረው ነጻ ሆነው ተገኝተዋል፣ ክትባቱንም ወስደዋል። ጥናቱ ውስጥ ግባ እያሉ የሚወተውቷቸውም እሳቸው ናቸው። ጋሼ ተፈራ ቀጠሮ ይዘው ነበር፤ እዚያ አንዲት አበሻ እንዳለች ሲሰሙ ሰረዙት። ያቺ አበሻ እኔ ነኝ።

«ፈረንጅ ቢያውቅ ለማን ይነግራል?» አሉኝ። «አንቺ ግን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትመጫለሽ።»

ይኼ ንግግራቸው ልቤን ነካው። ፕሮግራሙ እኮ የተቀበለኝ አበሻ ስለሆንኩ አበሻ ያምነኛል ብሎ ነው። ትንሽም ተናድጃለሁ። እኔ ሰው አጠናለሁ ስል፣ ሰውዬው ዘይት እየቀየሩ እኔን ሲያጠኑኝ ከርመዋል።

ማክሰኞ ክሊኒክ መጡ። ስለምንተዋወቅ ሌላ ባልደረባዬ እንድታነጋግራቸው ጠየቅኩ፤ እሳቸው ግን አጠገባቸው እንድቀመጥ ፈለጉ። ያልጠየቁት ነገር የለም። በፈለጉ ጊዜ ትቶ መውጣት እንደሚቻል ደጋግመው አስነገሩን... ከዚያ ፈረሙ።

ይኼንንም ስማቸውንና ሥራቸውን ቀይሬ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። እንደሳቸው የሚፈራ ሰው ያንብበው ብለው ነው።

ስሸኛቸው ኮሪደሩ ላይ ቆም አሉና አንድ ነገር ለመኑኝ። «ቤተ ክርስቲያን ስታገኚኝ እንደ ድሮው ከሩቅ ሰላም በይኝ። እንዴት ነዎት እያልሽ ከተጠጋሽኝ ሰው ይነቃል።»

እሑድ አገኘኋቸው። ሄጄ ላቅፋቸው ፈልጌ ነበር... ከሩቅ ጎንበስ ብዬ አለፍኩ። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ፣ «አየሻት? ትልቅ ሰው እንኳ ቀርባ ሰላም አትልም፤ ትምህርቱ አኮራት» ስትል ሰማኋት።

ይሁን... ኮርቻለሁ።