በጨለማው መተላለፊያ ውስጥ የተቀመጠችው

እህቴ ይህን ታሪክ ሀዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ወዳለው ቤቷ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታወራለች። ብዙ ጊዜ ሰምቼ ዝም ብያለሁ። አሁን ግን እንደሆነው አድርጌ እጽፈዋለሁ።

መንገዱ ሰላም በነበረበት አንድ የገና ሰሞን ጎንደርንና ላሊበላን እንይ አለችኝ። ታላቄ ናት፤ እስከ ዛሬ እትዬ ነው የምላት። አባታችን በመንግሥት ሥራ ከጎንደር ወደ ሀዋሳ ተዛውሮ የመጣ ሰው ነበር። እኛ እዚሁ ስለተወለድን አገሩን የምናውቀው በወሬ ነው። ሁለታችንም ጡረታ ከወጣን በኋላ ደግሞ የእምቢታ ምክንያት አጣሁ። የፈራሁት መንገዱን አልነበረም፤ ከእሷ ጋር መሄዱን ነው።

ልጆች ሳለን አንድ ቀን በቡሹሎ በኩል ሐይቁ ዳር ቄጠማ ልናጭድ ሄድን። ጉማሬ ከውኃው ብቅ ሲል እጄን ይዛኝ ሮጠች። እግሬ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ግን ለቀቀችኝ። ዞራ እንኳ አላየችኝም። አንድ ዓሣ አጥማጅ መጥቶ እስኪያወጣኝ ድረስ ጉማሬው ሲያንኮራፋ እየሰማሁ እዚያው ተተክዬ ቀረሁ። ቤት ስደርስ ለእናታችን "ነይ ብላት እምቢ አለችኝ" ብላ ነግራ ጨርሳለች። የተገረፍኩት እኔ ነኝ።

ጎንደር ላይ ግንቡ አናት የሚያደርሰው ደረጃ መደገፊያ የለውም። ቀድማኝ ወጥታ ከላይ "ምን ይገትርሻል? አንቺ ፈሪ" እያለች እጇን ዘረጋችልኝ። አልያዝኩትም። ግድግዳው ላይ ተለጥፌ፣ ወደ ታች ሳላይ ወጣሁ።

ላሊበላ ላይ ግን ማምለጫ አልነበረም። ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው በዓለቱ ውስጥ የሚያልፍ ጨለማ መተላለፊያ አለ፤ የሲኦል መንገድ ይሉታል። ተሳላሚ መብራት ሳያበራ ነው የሚያልፈው። አስጎብኚያችን "ስልካችሁን አታብሩ፤ ቀኝ እጃችሁ ከግድግዳው አይለይ። እኔ ማዶ እጠብቃችኋለሁ" ብሎን ቀደመ።

"እኔ ልቅደም፣ አንቺ ነጠላዬን ያዢ" አለችኝ።

"እንዳትሮጪ፣ እትዬ።"

"በዚህ ጉልበቴ ወዴት ነው የምሮጠው?"

ገባን። ዓይኔን ብገልጥም ብጨፍንም አንድ ሆነብኝ። ድንጋዩ ከእግሬ ሥር ይቀዘቅዛል። የነጠላዋን ጫፍ ጣቴ ላይ ጠቅልዬዋለሁ። ጥቂት እንደሄድን ነጠላው ላላ፤ ሳብ ሳደርገው ሁሉም ተጠቅልሎ እጄ ገባ። በሌላው ጫፉ ሰው የለም።

"እትዬ" አልኩ። ደግሜ ተጣራሁ።

ጥላኝ ሄደች፤ ደግማ ጥላኝ ሄደች አልኩ። ጣራው እየወረደብኝ መሰለኝ። ልመለስ ብዬ ስዞር የመጣሁበት አቅጣጫ ጠፋኝ። ጉማሬው ሲያንኮራፋ የሰማሁ መሰለኝ፤ የራሴ ትንፋሽ ነበር። አንድ እርምጃ ስራመድ እግሬ ለስላሳ ነገር ነካ። ልጮህ ስል አንድ እጅ ቁርጭምጭሚቴን ጨመደደኝ።

"አትልቀቂኝ" አለች። መሬት ላይ ተቀምጣለች። "ትንፋሽ አጠረኝ። እባክሽ አትልቀቂኝ።"

መልቀቅ እችል ነበር። አሰብኩትም። ከዚያ ብብቷ ሥር ገብቼ አነሳኋት። በአንድ እጄ ግድግዳውን እየዳበስኩ፣ በሌላው እሷን እየጎተትኩ፣ ከእሷ ባላነሰ ፍርሃት አወጣኋት። ብርሃኑ ሲታይ መጀመሪያ ያደረገችው እጇን ከእጄ ማውጣት ነው። ነጠላዋን ተቀብላኝ መስቀለኛ አጣፋችና ወደ አስጎብኚው ዞረች።

"አስቆየንህ፣ ልጄ። ታናሼ ጨለማ ትፈራለች።"

እሱም ለእኔ "አይዞዎት እናቴ፣ ብዙ ሰው ይፈራል" አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩት።

በቅርቡ ይህንኑ፣ ፈርቼ የተቀመጥኩት እኔ እንደሆንኩ አድርጋ ለእንግዶቿ ስታወራ አላስቻለኝም። "እትዬ፣ መሬት ላይ የተቀመጠው ማን ነበር?" አልኳት።

"ጨለማ ነበር እኮ። ማን አየ?" አለች። እንግዶቹ ሳቁ።

ዘንድሮ ደግሞ ለገና በአውሮፕላን አክሱም እንሂድ ትላለች። እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም። አብረን ገበያ ለመሄድ ባጃጅ ስንሳፈር እንኳ እኔ በበሩ በኩል አልቀመጥም፤ ብወድቅ ዞራ አታየኝም።